ከ1 ወደ 384፦ የሰርቨር ፕሮሰሰር ትሬዶች መብዛትና የእኛ ድርሻ

ወገል ጤና መጥቼ ስለ ሙያዬ እንድናገር ጋብዛችሁኛል።

የተሰጠኝ ርእስ "የኮምፒውተር ቴክኖሎጂ ዕድገት" የሚል ነው። ሁሉንም ልነካካ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ እሄዳለሁ። ስለዚህ አንዲት ነገር መርጫለሁ። ባንኮች፣ ቴሌና ዩኒቨርሲቲዎች በሚጠቀሙበት ትልቅ ኮምፒውተር፣ ማለትም በሰርቨር ውስጥ ያለ አንድ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ ይይዛል? የዛሬ 25 ዓመት ገደማ መልሱ በአብዛኛው "አንድ" ነበር። ዛሬ 384 ደርሷል። ይህ ቁጥር እንዴት እዚህ ደረሰ፣ ለእኛ ምን ይሰጠናል፣ የትስ ላይ ያቆመናል? የምናገረው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው። የምጠቅሳቸው የውጭ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር እንደሆኑ ያዙልኝ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ ኦፓል አንድ ቃል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የዓለም የጌጥ ድንጋይ ነጋዴ ሁሉ የወገል ጤናን ስም ያውቃል። ከገደሉ የእሳተ ገሞራ ንጣፍ ውስጥ እየፈለፈላችሁ የምታወጡት ኦፓል ሲሊካና ውኃ ነው። ሲሊካ ደግሞ ሲሊኮንና ኦክሲጅን ነው። ፕሮሰሰር የሚሠራውም ከሲሊኮን ነው። ፋብሪካዎቹ የሚያጠሩት ግን ኳርትዝን እንጂ ኦፓልን አይደለም፤ "ኦፓላችሁ ለቺፕ ይፈለጋል" ብሎ ዋጋ የሚያወራ ሰው ቢመጣ አትመኑት። ቢሆንም የምንነጋገርበት ነገር መሠረቱ እናንተ በየቀኑ በእጃችሁ የምታገላብጡት ንጥረ ነገር ነው፤ ሩቅ አድርጋችሁ እንዳታዩት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ለምን በዛ?

እስከ 2004 ድረስ ፕሮሰሰር የሚያድገው በፍጥነት ነበር። ፍጥነቱ የሚለካው በጊጋኸርዝ ነው፤ 3 ጊጋኸርዝ ማለት በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። በየዓመቱ ምቱ ይጨምራል፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ምንም ሳይደክም አሮጌው ፕሮግራሙ በአዲሱ ማሽን ላይ ይፈጥናል። በ2004 የኢንቴል ፔንቲየም 4 እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ደረሰና እዚያው ላይ ሙቀቱ አላስኬድ አለ። በቺፑ ላይ ያሉት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ማለትም ትራንዚስተሮቹ፣ እያነሱ ሲሄዱ የሚበሉት ኤሌክትሪክ በዚያው ልክ ማነሱን አቆመ፤ ምቱን ከፍ ማድረግ ቺፑን ማቃጠል ሆነ። ኢንቴል በዚያው ዓመት ቴጃስ የሚባለውን ቀጣይ ፕሮሰሰሩን ሳያወጣው ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አለፈ፤ ዛሬም አብዛኞቹ ሰርቨሮች ሥራ በዝቶባቸው ሲውሉ ምታቸው ከ3 እና ከ4 ጊጋኸርዝ ብዙ አይርቅም።

ምቱ ቆመ፤ የትራንዚስተሩ ቁጥር ግን ማደጉን ቀጠለ። መሐንዲሶቹ በትርፉ ትራንዚስተር ምን ይሥሩበት? ሁለት መንገድ ያዙ። አንደኛው በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ኮር መደርደር ነው። ኮር ማለት ራሱን ችሎ የሚያሰላ ሙሉ አንጎል ነው። አይቢኤም ቀደም ብሎ በ2001 ፓወር 4 ላይ ሁለት ኮር አስቀመጠ። ሁለተኛው መንገድ አንዱን ኮር ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሃርድዌር ትሬድ የምንለው ይህ ነው፤ ጠለቅ ብለን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

የናፍጣ ወፍጮ ቤት አስቡ። ወፍጮው አንድ ነው። አንዲት እናት የያዙትን እህል ጨርሰዋል፤ ቀሪው ጆንያ በአህያ እየመጣ ነው። እስኪደርስ ድረስ ወፍጮው ባዶውን ይዞራል፤ ናፍጣው ግን ይነዳል። ሌላ አስፈጪ ጆንያውን ፈቶ ከአፉ አጠገብ ቆሞ ቢሆን ኖሮ በዚያች ክፍተት የእሱ እህል ይገባ ነበር። ወፍጮው ሁለት አልሆነም፤ ሥራ መፍታቱን ብቻ አቆመ።

በኮር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ኮሩ የሚያሰላበት ዳታ አጠገቡ ካለው ካሽ ከሚባል ትንሽ ሚሞሪ ውስጥ ከጠፋ ከዋናው ሚሞሪ ማስመጣት አለበት። ይህ 100 ናኖሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ለእኛ ምንም ነው፤ በ3 ጊጋኸርዝ ለሚመታ ኮር ግን 300 ምት ሙሉ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነው። የሰርቨር ሥራ ደግሞ ባሕርዩ እንዲህ ነው፤ የአንዱን ደንበኛ ሒሳብ ይፈልጋል፣ ቀጥሎ የሌላውን፣ አብዛኛው በካሽ ውስጥ አይገኝም። ሃርድዌር ትሬድ ሲኖር አንዱ ሥራ ሚሞሪ ሲጠብቅ ሌላው ይገባል። በ1995 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዲን ተልሰን፣ ሱዛን ኤገርስና ሄንሪ ሌቪ ይህንን አሻሽለው፣ ሁለቱ ሥራዎች ተራ ከመጠባበቅ አልፈው በአንድ ምት ውስጥ የኮሩን ክፍሎች ተጋርተው የሚሠሩበትን ዘዴ አሳዩ። ኢንቴል በ2002 "ሃይፐር ትሬዲንግ" ብሎ ዚኦን በተባለው የሰርቨር ፕሮሰሰሩ ላይ አወጣው።

ስለዚህ ይህንን ያዙልኝ፤ ደግሜም እለዋለሁ። ትሬድ ኮር አይደለም። ሁለት ትሬድ ያለው ኮር የሁለት ኮር ጉልበት የለውም። ኢንቴል ራሱ ያኔ የተናገረው ትርፍ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ነበር። ለአንዳንድ ሥራ ከዚያ ይበልጣል፤ ለአንዳንዱ ምንም አይጨምርም፤ አልፎ አልፎም ሁለቱ ትሬዶች ካሹን ተሻምተው ጭራሽ ይጎትታል።

ከዚያ በኋላ የትሬዱ ቁጥር እየበዛ ሄደ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ወጣቶቹ እንድታውቁት የምፈልገው ሰው አለ፤ ኩንሌ ኦሉኮቱን ይባላል። ትውልዱ ናይጄሪያዊ ነው፤ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። ሁሉም ስለ አንድ ፈጣን ኮር ሲያስብ በነበረበት በ1996 እሱና ባልደረቦቹ "ከአንድ ግዙፍ ኮር ይልቅ በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ቀለል ያሉ ኮሮች ይሻላሉ" ብለው በጽሑፍ ተከራከሩ። በ2000 አፋራ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2002 ገዛው፤ ከዚያ የወጣው ኒያጋራ የተባለው ፕሮሰሰር በ2005 ገበያ ላይ ዋለ። ስምንት ኮር፣ በእያንዳንዱ ኮር አራት ትሬድ፣ በድምሩ 32። በዚያ ዘመን ሌሎቹ ገና ሁለትና አራት ላይ ነበሩ።

የኒያጋራ እያንዳንዱ ኮር ቀርፋፋ ነበር። አንድ ከባድ ስሌት ብትሰጡት ከተፎካካሪዎቹ ኋላ ይቀራል። ለኦሉኮቱን የገባው ግን ሰርቨር የሚሠራው ሥራ ምን እንደሚመስል ነው። አንድ ሰው የሚያቀርበው አንድ ግዙፍ ጥያቄ ሳይሆን አሥር ሺህ ሰው የሚያቀርበው አሥር ሺህ ትናንሽ ጥያቄ ነው። የአንዱ ጥያቄ በጥቂት ማይክሮሴኮንድ መዘግየቱ ማንንም አይጎዳም፤ አሥሩም ሺህ መስተናገዳቸው ግን ግድ ነው። ይህ ሐሳብ ከአንድ አፍሪካዊ መምጣቱ ያኮራኛል፤ የበለጠ የምወደው ግን አስተሳሰቡን ነው። ከማሽኑ አልተነሣም፤ ከወረፋው ተነሣ።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው። የሰን ዘመን አልፎ ኦራክል ከገዛው በኋላ በ2015 የወጣው ስፓርክ ኤም 7 ደግሞ 32 ኮርና 256 ትሬድ ይዞ ነበር። አይቢኤም በ2014 በፓወር 8 በአንድ ኮር ስምንት ትሬድ ጫነ። በገበያው ላይ በብዛት የምናገኛቸውን ፕሮሰሰሮች በትሬድ ያጥለቀለቀው ግን ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ነው። ኤፒክ በሚለው ስም በ2017 በ32 ኮርና በ64 ትሬድ ጀመረ፤ በ2019 128፣ በ2022 192፣ በ2023 256፣ በጥቅምት 2024 ደግሞ 192 ኮርና 384 ትሬድ። በአንድ ሰርቨር ሁለት ፕሮሰሰር ይሰካል፤ ስለዚህ ከአንድ ሣጥን 768 ትሬድ ይወጣል ማለት ነው። ኤሌክትሪኩም አድጓል፤ የ2017ቱ ትልቁ ኤፒክ 180 ዋት ነበር፣ የ2024ቱ 500 ዋት ነው። ለየትሬዱ ብታካፍሉት ግን ከ2.8 ዋት ወደ 1.3 ወርዷል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ለሚያስነሣ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ለእኛ ምን ይሰጠናል?

የእኔ እምነት ግልጽ ነው፤ ይህ ዕድገት እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር የተመቸ ነው። የእኛ ሥራ ሲታይ ምንድን ነው? ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳ ተከተለ። ባንኮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች አለ። በገበያ ቀን እዚህ ወገል ጤና ላይ አንዲት እናት ዘይት ገዝተው በስልክ ይከፍላሉ፤ በዚያው ሴኮንድ ሐዋሳ ላይ አንዱ ካርድ ይሞላል፣ ጎንደር ላይ ሌላዋ ለልጇ የትምህርት ቤት ትከፍላለች። እያንዳንዱ ሥራ ትንሽ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይነካካም፤ ብዛቱ ግን ሰማይ ይነካል። ኦሉኮቱን ያሰበው ወረፋ ይህ ነው። የእኛ ኢኮኖሚ በትናንሽ ክፍያዎች የተሞላ ነው፤ ብዙ ትሬድ ያለው ፕሮሰሰር ደግሞ ለትናንሽና ለብዙ ሥራ የተሠራ ነው።

ተማሪዎች በደንብ የምታውቁትን ልጨምር፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን። በ2015 ዓ.ም. ከ8 መቶ ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኗል። ውጤት ወጣ ሲባል ተማሪው፣ ወላጁ፣ አጎቱ፣ መምህሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይገባል። የመለያ ቁጥር አስገብቶ አንዲት መስመር ማንበብ ነው፤ ምንም የሚጻፍ የለም፤ የአንዱ ውጤት የሌላውን አይነካም። በኮምፒውተር ዓለም ከዚህ የተሻለ ለትሬድ የሚመች ሥራ የለም። እንዲህ ያለ ገጽ በእንዲህ ያለ ቀን ከቆመ ጥፋቱን ከማሽኑ በፊት መስመሩ፣ ዳታቤዙና አሠራሩ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል።

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያስገባኛል። የት ላይ ያቆመናል?

ሁሉም ሥራ እንደ ውጤት ማየት አይደለም። የባለ ሱቁን ሒሳብ በቅርበት እንየው። በሒሳቡ 1,000 ብር አለ። ሁለት ገዢዎች በአንድ ቅጽበት ከፈሉ፤ አንዱ 300፣ ሌላው 200። የመጀመሪያው ትሬድ ሒሳቡን ያነብባል፤ 1,000። ሁለተኛውም ያነብባል፤ 1,000። የመጀመሪያው 300 ደምሮ 1,300 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው የያዘው 1,000 ነውና 200 ደምሮ 1,200 ብሎ በላዩ ላይ ይጽፍበታል። ሁለቱም ገዢዎች ከፍለዋል፤ ባለ ሱቁ ግን 300 ብሩን አጣ። ማንም አልሰረቀውም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሁለት ትሬድ በአንድ ጊዜ እንደሚገባ አላሰበም፤ ያ ብቻ ነው።

መፍትሔው ቁልፍ ነው። አንዱ ትሬድ ሒሳቡን ሲይዝ ይቆልፈዋል፤ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን የተቆለፈ በር ፊት 384 ትሬድ ቢሰለፍ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ብልኅ ፕሮግራመር የሚቆልፈው ያንን አንድ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቸልተኛው መዝገቡን በሙሉ ይቆልፋል። ያኔ ውድ ሰርቨር ተገዝቶ በ2001 እንደነበረው ማሽን አንድ በአንድ ያስተናግዳል።

ይህንን ጂን አምዳል የተባለ መሐንዲስ ገና በ1967 በቁጥር አስቀምጦታል። ከሥራችሁ 5 በመቶው ብቻ ሊከፋፈል የማይችል ነው እንበል። በ64 ትሬድ የምታገኙት ፍጥነት 15 እጥፍ ገደማ ነው። ወደ 384 ስድስት እጥፍ ብታሳድጉት 19 እጥፍ ገደማ ላይ ትቆማላችሁ። የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምሩ ከ20 አታልፉም። ይህ ሒሳብ እያንዳንዱን ትሬድ እንደ ሙሉ ኮር ቆጥሮ ነው፤ እውነቱ ከዚያም ያነሰ ነው። ያቺን 5 በመቶ ወደ 1 በመቶ ያወረደ አንድ ጎበዝ ልጅ ግን ጣሪያውን ከ20 ወደ 100 ይሰቅለዋል። አዲስ ሰርቨር መግዛት የማይሰጠንን እሱ ይሰጠናል። ለዚህ ነው የዛሬው ንግግሬ ለገዢዎችም ለተማሪዎችም የሆነው።

በየቢሮው ግዢ ላይ ላላችሁ፤ በዝርዝራችሁ ላይ "ቢያንስ 128 ትሬድ" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ስንት ኮር፣ በኮር ስንት ትሬድ፣ ምን ያህል ሚሞሪ ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ትሬድ ኮር አይደለም ያልኳችሁን አስታውሱ። አንዳንድ ዘመናዊ የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ሆን ብለው በኮር አንድ ትሬድ ብቻ ይይዛሉ፤ አምፒር በ2021 ያወጣው 128 ኮርና 128 ትሬድ ነው፣ ኢንቴልም በ2024 144 ኮር ያለ ሃይፐር ትሬዲንግ አውጥቷል። በወረቀት ላይ ቁጥሩ ስላነሰ ደካማ ነው ማለት አይደለም። የሶፍትዌር ፈቃዱንም አትርሱ፤ ብዙ የድርጅት ዳታቤዝ በኮር ቁጥር በዶላር ያስከፍላል። ማንም የማይጠቀምበት ኮር ላይ በየዓመቱ የውጭ ምንዛሪ መክፈል ያሳዝናል። የቆዩ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ደግሞ ትሬዶቹ በ64 በ64 ተቦድነው ስለሚቀርቡላቸው ከአንዱ ቡድን አልፈው ላያዩ ይችላሉ። 256 ገዝታችሁ በ64 መሥራት ማለት ነው።

የደኅንነቱም ነገር አለ። ሁለት ትሬዶች አንድ ኮር ስለሚጋሩ አንዱ የሌላውን ምስጢር በተዘዋዋሪ ሊያይ የሚችልባቸው ቀዳዳዎች በ2018 እና በ2019 በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ተገኝተዋል። ኦፕን ቢኤስዲ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በዚያው በ2018 ሃይፐር ትሬዲንግን ተጠቃሚው ራሱ ካላበራው በቀር እንዲጠፋ አደረገው። ጥገናዎች ወጥተዋል፤ ሆኖም የተለያዩ ድርጅቶች በአንድ ማሽን ላይ በሚከራዩበት ዳታ ሴንተር ውስጥ አንዱን ኮር ለሁለት ድርጅት አለማካፈል አሁንም ብልኅነት ነው። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፤ እዚያ ቦታ የምትከራዩ ይህንን ጠይቁ።

ተማሪዎች፣ የቀረው ለእናንተ ነው። ብዙዎቻችሁ የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና እንደጀመራችሁ ሰምቻለሁ። በጣም ጥሩ ነው። እዚያ የምትጽፉት ፕሮግራም ግን በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ የሚሄድ ነው። ፓይተን የምትማሩ ደግሞ አንድ ነገር ዕወቁ፤ የተለመደው ፓይተን በአንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ባለ አንድ ፕሮግራም ውስጥ፣ ስንት ትሬድ ብትፈጥሩ በአንድ ጊዜ የሚያሰላው አንዱን ብቻ ነው። ይህንን ገደብ ያነሣው ዓይነት ለሙከራ የወጣው በጥቅምት 2024 በፓይተን 3.13 ነው። በተለመደው ፓይተን ግን ሥራን ለብዙ ፕሮሰስ ማከፋፈል ትችላላችሁ።

ለመለማመድ 384 ትሬድ አያስፈልግም። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ብዙውን ጊዜ ስምንት ኮር አለው። የትምህርት ቤታችሁን ኮምፒውተር ክፈቱና በዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ። "ኮርስ" እና "ሎጂካል ፕሮሰሰርስ" የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ። 4 እና 8 ካለ በእያንዳንዱ ኮር ሁለት ትሬድ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ከ1 እስከ 10 ሚሊዮን ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፉ። ሥራውን መጀመሪያ ለአንድ፣ ከዚያ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ፕሮሰስ እኩል በእኩል አካፍላችሁ ሰዓቱን መዝግቡ። ከአንድ ወደ አራት ስትሄዱ ጊዜው ክፉኛ ያጥራል፤ ከአራት ወደ ስምንት ግን በግማሽ አይወርድም። ስምንቱ ትሬዶች አራት ኮር ስለሚጋሩ ነው። ሌላም ነገር ታስተውላላችሁ፤ ትልልቆቹን ቁጥሮች የያዘው ፕሮሰስ ከሌሎቹ ዘግይቶ ይጨርሳል፤ ሁሉም እሱን ይጠብቃል። ሥራውን በቁጥር ብዛት ሳይሆን በድካሙ ልክ ማካፈል የምትማሩት እዚህ ላይ ነው። እኔ የማውቃቸው ጥሩ የሰርቨር ባለሙያዎች ይህንን የተማሩት ውድ ማሽን ፊት ተቀምጠው አይደለም፤ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደጋግመው ሰዓት በመለካት ነው።

ፕሮግራሙን በላፕቶፔ ላይ ጽፌ መጥቻለሁ። በፍላሽ ይዛችሁ መሄድ የምትፈልጉ ፍላሻችሁን ወደፊት አምጡ፤ እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።